የኬዛያ ፊት

ሄንሪየታ ቫይኒ ወደ መንደራችን ወደ ኤልምስኮም የመጣችው ከታላቁ የዓለም ጦርነት ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በመከር መጨረሻ፣ ዝናብ እያካፋ ነበር። ዕቃዋን የጫነው ጋሪ አቀበቱን ሲጀምር ወርዳ ከኋላ በእግሯ ተከተለች። ሣጥኖቹ ውስጥ ገለባ የታጨቀባቸው መስታወቶች ነበሩ። ፈረሱ በተደናቀፈ ቁጥር እጇን ዘርግታ ሣጥኑን ትደግፋለች፤ ላያት ሰው በሽተኛ የምታስታምም ትመስል ነበር።

እኔ የመንደሩ አስተማሪ ነኝ። ዶርካስ ኤሊት እባላለሁ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ለብቻዬ ሰፍቶኝ ስለነበር፣ ቄስ ሉድሎ “ፎቁን ክፍል ለአንዲት ሠዓሊ ብታከራዪስ?” ሲሉኝ እሺ አልኩ። አፏን የማታሳርፍ የከተማ ሴት ትመጣብኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር። የመጣችው ግን እራት ላይ ጨው አቀብዪኝ ለማለት እንኳ አሥር ጊዜ የምታስብ ሴት ሆነች። ረጅም፣ ቀጭን፣ አርባ ዓመት ሊሞላት የተቃረበች፤ ጣቶቿ ሁሉ በመስታወት የተቆራረጡ።

ሥራው የእመቤት ሃርኮም ነበር። እኚህ የመንደሩ ባለርስት፣ የትልቁ ቤት እመቤት፣ አንዲት ልጃቸው በምጥ ሞታባቸው፣ ለመታሰቢያዋ በቤተ ክርስቲያናችን በምሥራቅ በኩል ባለቀለም መስኮት ሊያሠሩላት ፈለጉ። ሥዕሉም ማርያምና ኤልሳቤጥ፣ ሁለቱም ነፍሰ ጡር ሆነው፣ በደጃፍ ሲገናኙ እንዲሆን ተስማሙ። ለንደን ውስጥ በትልልቅ ድርጅቶች ማሠራት ይቻል ነበር። አንድ ሰው ግን ስለ ሄንሪየታ ነግሯቸው ኖሯል።

ሄንሪየታ ራሷ ከእንደዚያ ዓይነት ድርጅት የወጣች ናት። በዚያ ቤት አንዱ ይነድፋል፣ ሌላው መስታወቱን ይቆርጣል፣ ሦስተኛው ፊት ብቻ ይስላል፣ አራተኛው ልብስ ብቻ። “አንዷ ታረግዛለች፣ ሌላዋ ታምጣለች፣ ሦስተኛዋ ታጠባለች፤ በመጨረሻ ልጁ የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም” አለችኝ አንድ ቀን፤ ከእሷ አፍ የሰማሁት የመጀመሪያው ረጅም ንግግር ይህ ነው። በዚያ ዘመን ዕቃን ያሰበው ሰው ራሱ ከጅምር እስከ ፍጻሜ ይሥራው የሚሉ ሰዎች ተነሥተው ነበርና እሷም ቃላቸውን ከልቧ ተቀበለች። ድርጅቱን ትታ ወጣች። ወዳጆቿም እዚያው ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ብቻዋን ትነድፋለች፣ ብቻዋን ትቆርጣለች፣ ቀለሙን ትቀባለች፣ በእቶን ትጠብሳለች፣ ቁርጥራጩን ሁሉ በእርሳስ ብረት ዘንግ አያይዛ ትበይዳለች። እኔ ቤት እስክትመጣም ብቻዋን ትበላ ነበር።

ከጋሪ ጠጋኙ ቤት ጀርባ የነበረውን ባዶ የሱፍ ጎተራ ሰጧት። በሰሜን በኩል ያለውን ግድግዳ አስከፍታ ብርሃን አስገባችበት። ክረምቱን ሙሉ ጠዋት ትሄዳለች፣ ሲመሽ ትመለሳለች። በረዶ በጣለ ቀን አንድ ሰሃን ሾርባ ይዤላት ብሄድ፣ አመስግና ተቀብላ መስኮቱ ሥር አስቀመጠችው። በማግስቱ ስሄድ እዚያው በረዶ ሆኖ አገኘሁት።

ኬዛያን ያገኘቻት በየካቲት ነው።

ኬዛያ ዌይት ልብስ አጣቢ ናት። የትልቁን ቤትም፣ የቄሱን ቤትም አንሶላ የምታጥበው እሷ ነበረች። ያኔ ሠላሳ ቢሆናት ነው። ታምሲን የምትባል፣ እኔ የማስተምራት ልጅ አለቻት። የልጅቷ አባት ማን እንደሆነ ኬዛያ ለማንም ተናግራ አታውቅም። ፊት ለፊት የሚሰድባት አልነበረም። ብቻ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስትመጣ የተቀመጠችበት አግዳሚ ላይ ማንም አይቀመጥም። ሦስት ሰው የሚይዘው ወንበር ለእናትና ልጅ ብቻ ይቀራል።

የዚያን ቀን ኬዛያ ከወንዙ በላይ ባለው መስክ አንሶላ ታሰጣ ነበር። ፀሐይዋ ዝቅ ብላለች። በነፋሱ የተነፋው አንሶላ በስተኋላዋ ሆኖ ብርሃኑን አጣርቶ ፊቷ ላይ ያፈሰዋል። ሄንሪየታ ከአጥሩ ውጭ ቆመች፤ ቆማም ቀረች።

“ምን ያፈጡብኛል?” አለቻት ኬዛያ፣ የልብስ መቆንጠጫውን ከጥርሷ አውጥታ። “አንሶላ አይተው አያውቁም? ለንደን ውስጥ በምንድን ነው የሚተኙት?”

“ይቅርታ ያድርጉልኝ። አንሶላውን አይደለም።”

“እኔን ከሆነማ የባሰ ነው። እኔን ማየት ክፉ ልማድ ነው ይላሉ እዚህ።”

“ፊትዎን ልስለው እፈልጋለሁ” አለች ሄንሪየታ። ቀጥላም፣ ይህን ማለት የማታውቅ ሴት፣ “እባክዎ” አለች።

ኬዛያ ከት ብላ ሳቀች። ሳቋ ከመስኩ ማዶ ይሰማል። ዝይዎችን ያስደነግጣል እየተባለ ይቀለድበት ነበር።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጎተራው ውስጥ ሦስት ሆንን። እኔም ተጠርቼ ነበር፤ ለኤልሳቤጥ የሚሆን ፊት አስፈልጓት፣ “እርስዎ ቢሆኑስ?” አለችኝ።

“አየሽ ዶርካስ” አለች ኬዛያ፣ “ኤልሳቤጥ እኮ መጽሐፉ ላይ አሮጊት ናት። በጨዋ ደንብ አርጅተሻል ማለቷ ነው።”

“አንቺስ? ማርያምን ብትመስይ ነው እንዴ የተመረጥሽው?”

“እኔማ ሌላ ሰው ስለጠፋ ነው” ብላ እጆቿን ወደ ብርሃኑ ዘረጋቻቸው። በልብስ ማጠቢያ ሶዳና በፍል ውሃ የተላላጡ፣ ቀያይ እጆች። “ይልቅ ንገሪኝ፣ የማርያም እጅ እንዲህ ነበር?”

ሄንሪየታ ከወረቀቷ ቀና ሳትል፣ “የአናጺ ሚስት አልነበረችም? ልብሱን ማን ያጥብላት ነበር?” አለች።

ኬዛያ እጆቿን ገልብጣ እንደገና አየቻቸው።

እኛ ቆመን ስንደክም ሄንሪየታ የመስታወት ቁርጥራጮቿን ታሳየናለች። የእሷ መስታወት እንደ ቤት መስኮት ልሙጥ አልነበረም። አንዱ ጫፍ ወፍራም፣ ሌላው ስስ፣ ውስጡ አረፋ የቋጠረ፣ ወደ ብርሃን ሲነሣ እንደ ማር የሚዋልል ነው። ለማርያም ቀሚስ ሰማያዊ ስትመርጥ አንዱን ቁራጭ አንሥታ ታያለች፣ ታስቀምጣለች፣ መልሳ ታነሣለች። ኬዛያ ትዕግሥቷ አልቆ፣ “ኧረ አንዱን ምረጪና ልብሷን አልብሻት! ሴትዮዋ በብርድ ልትሞት ነው” ትላታለች። በዚህ ጊዜ ሄንሪየታም ትስቃለች። የሚያስል ሰው የሚመስል፣ ብዙ ያልተለማመደችው ሳቅ ነበር። “እርስዎ” መባባሉ መቼ እንደቀረ አላስታውስም፤ በመጋቢት “አንቺ” ተባብለዋል።

ኬዛያ ዳቦና አይብ ታመጣለች፣ እኔ ሻይ በማሰሮ። ታምሲን ወለሉ ላይ ተቀምጣ የተጣሉ ቁርጥራጮችን በየቀለማቸው ትደረድራለች። ሄንሪየታ ከሰኞ እስከ ዓርብ እንደ ድሮዋ ዝምተኛ ናት። ቅዳሜ ጠዋት ግን ፎቅ ሆና ፀጉሯን ስታበጥር አንዳች ዜማ ስታንጎራጉር እሰማታለሁ። ስለ ኬዛያ ምን ይሰማት እንደነበር ጠይቄያት አላውቅም። ፊቷን ስትስል ያየ ሰው ግን መጠየቅ አያስፈልገውም። ከአንድ ጉንጭ ላይ ቀለም በብሩሽ ጫፍ እያነሣች፣ ብርሃን በቀጭኑ እያስገባች፣ ሳምንት ትቆያለች። ከእቶኑ ሲወጣ ኬዛያ እዚያ ነበረች፤ ሕያው ሆና። የታችኛው ከንፈሯ፣ ልትቀልድ ስትል እንደምታደርገው፣ ትንሽ ወደ አንድ ጎን ሄዷል።

መስኮቱ ከፋሲካ በኋላ ተሰቀለ። ገና ሳይመረቅ እመቤት ሃርኮም ሊያዩት መጡ። ቄሱ፣ እኔና ሄንሪየታ ከኋላቸው ቆመን ነበር። የጠዋቱ ብርሃን ገብቶ ድንጋዩን ወለል ሰማያዊና ወርቃማ አድርጎታል። እመቤቲቱ በመጀመሪያ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ደስ ያላቸው መስሎኝ ነበር። ወደ ፊት ጥቂት ተራመዱና ቆሙ።

“ይህችን ሴት አውቃታለሁ” አሉ። “አንሶላዬን የምታጥበው ናት።”

“አዎ እመቤቴ” አለች ሄንሪየታ።

“ልጄ በወግ በማዕረግ ተድራ፣ በሕግ ፀንሳ፣ የሕፃኗን ድምፅ ሳትሰማ ሞተች። ይህችኛዋ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ወልዳ በሳምንቷ ባልዲ ተሸክማ ወጣች። ለልጄ መታሰቢያ ያቆምሽልኝ እሷን ነው?”

ድምፃቸው አልጮኸም። ቢጮኹ ይሻል ነበር። ሄንሪየታ ሰው የማጽናናት ችሎታ አልነበራትምና እውነቱን ተናገረች። “መፅነስ ደስታው እንዴት እንደሆነ የሚያውቅ ፊት ፈልጌ ነው” አለቻቸው።

እመቤት ሃርኮም ዞረው ወጡ።

በማግስቱ ቄስ ሉድሎ ወደ ጎተራው ሄዱ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ጠብ ሲያዩ ጨጓራቸውን የሚያማቸው ሰው ናቸው። “ፊቱን ብቻ፣ ወይዘሪት ቫይኒ። ሌላው ሁሉ ግሩም ነው። አንዲት ትንሽ ቁራጭ መስታወት ናት” አሏት።

“ከእርስዎስ ላይ አንዲት ትንሽ ቁራጭ ሥጋ ብወስድ?” አለቻቸው። “ከምትለወጥ ሙሉውን አውርጄ እሰብረዋለሁ።”

ጳጳሱ ዘንድ ድረስ ሄዳ ተከራከረች። ጳጳሱም ነገሩ ይብሰል ብለው መለሷት። እስኪበስል ድረስ መንደሩ ወሬውን ጥሬውን በላው። መጠጥ ቤቱ ደጃፍ የሚቆሙ ጎረምሶች ኬዛያ ባልዲ ይዛ ስታልፍ ባርኔጣቸውን አንሥተው ይንበረከኩላታል። “እመቤታችን፣ ካልሲዬን ባርኪልኝ!” ይሏታል። ከትልቁ ቤት የሚመጣው እጥበት ቀረ። ታምሲን አንድ ቀን ሽርጧ ተቀዶ፣ ከንፈሯ አብጦ ወደ ክፍል ገባች። ማን እንደመታት ብጠይቃት እንደ እናቷ ስም መጥራት እምቢ አለች።

ሄንሪየታ ይህን ሁሉ እንደ ጦርነት ነበር የያዘችው። እራት ላይ፣ “አንለቅም ዶርካስ፤ ያሸነፉን እንደሆነ ኬዛያን ዳግመኛ በዚያ አግዳሚ ለብቻዋ አስቀመጧት ማለት ነው” ትለኛለች። ፊቷ ቀልቶ ዓይኖቿ ያበራሉ። በሕይወቷ ለሌላ ሰው ስትሟገት የመጀመሪያዋ ይመስለኛል።

የዚያ ሳምንት ቅዳሜ ጎተራው ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ኬዛያ ታምሲንን ሳታስከትል፣ ዳቦም ሳትይዝ መጣች። በሩ ላይ ቆመች።

“ግቢ እንጂ” አለቻት ሄንሪየታ። “ጳጳሱ ገና መልስ አልሰጡም። ግን አይዞሽ—”

“ወይዘሪት ቫይኒ” አለች ኬዛያ። “አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።”

“እርስዎ” ማለቷን ሰማሁ። ሄንሪየታም ሰምታዋለች፤ በእጇ የያዘችውን ብሩሽ አስቀመጠች።

“ፊቴን ይመልሱልኝ።”

“ኬዛያ፣ እኔ እኮ የምከራከረው ላንቺ ነው።”

“ማን ላከዎት? አንድ ቀን ጠይቀውኛል? እርስዎ ነገ ሣጥንዎን ጭነው ይሄዳሉ። እኔ እዚያ መስኮት ላይ ተሰቅዬ እቀራለሁ። በየእሑዱ ልጄ ቀና ብላ ታየኛለች፣ ከኋላዋ የተቀመጡት ደግሞ እሷን ያያሉ። ድሮ ጀርባ ብቻ ነበር የሚሰጡኝ። እሱን ችዬው ነበር።”

“በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው” አለች ሄንሪየታ። ድምፅዋ እንደ ልጅ ቀጥኗል።

“አውቃለሁ። አይቼዋለሁ እኮ። ስለዚህ ነው ሌላ ሰው ሳልልክ ራሴ የመጣሁት።”

ከጋሪ ጠጋኙ ቤት የመዶሻ ድምፅ ይመጣል። በመጨረሻ ሄንሪየታ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ኬዛያ አመስግና ሄደች። በሩን እንኳ ቀስ ብላ ነው የዘጋችው።

ሰኞ ዕለት ሄንሪየታ መሰላል ላይ ወጥታ በዚያ ፊት ዙሪያ ያለውን የእርሳስ ብረት በቢላ ጫፍ ከፈተችና መስታወቱን አወጣችው። ቀዳዳውን በሳንቃ ደፈነችው። ማታ ከትምህርት ቤት ስመለስ ፊቱን በሱፍ ጠቅልላ ወደ ኬዛያ ቤት ስትሄድ አገኘኋትና አብሬያት ሄድኩ።

ኬዛያ ከሱፉ አውጥታ ወደ በሩ ብርሃን አነሣችው። አገላብጣ አየችው።

“ይህን ያህል ቆንጆ ነኝ እንዴ?” አለች።

“ነሽ” አለች ሄንሪየታ።

ኬዛያ መልሳ ጠቀለለችውና እጇ ላይ አስቀመጠችላት። “ቤቴ ለዚህ የሚሆን ብርሃን የለውም” አለች።

ያንን ቁራጭ ሄንሪየታ የት እንዳደረገችው አላውቅም። አልጠየቅኋትም።

አዲስ ፊት ለመሥራት ወር ሙሉ ታገለች። አንዱ እቶን ውስጥ ተሰነጠቀ። አንዱ ከቅዱሳን ሥዕል የተቀዳ ይመስል ድርቅ አለባት። አንዱን ራሷ መሬት ላይ ጣለችው። “እጄ ሌላ ፊት አልሠራም አለኝ” አለችኝ። ታዲያ አንድ ማለዳ ጎተራው ስገባ አዲስ ንድፍ ግድግዳው ላይ ሰቅላለች። ማርያም ፊቷን ወደ ኤልሳቤጥ ትከሻ ቀብራዋለች። የሚታየው የራስ መሸፈኛዋ ነጠላና የአንገቷ ጀርባ ብቻ ነው። እንደዚያ የሚተቃቀፉ ሰዎች አይተን እናውቃለን፤ እያለቀሱ ይሁን እየሳቁ ከኋላ አይታወቅም። እመቤት ሃርኮም መጥተው አዩት፤ ብዙ ቆዩ፤ በመጨረሻ መሐረባቸውን አወጡ። ቄሱም ጨጓራቸው ተሻላቸው።

ምረቃው እሑድ ሊሆን፣ ኬዛያ ረቡዕ ዕለት ልጇንና ዕቃዋን ይዛ በወተት ጋሪ ወደ ባቡር ጣቢያ ሄደች። ትምህርት ቤት ታምሲን ስትቀር ነው ያወቅሁት። ለማንም ደህና ሁኑ አላለችም። ለሄንሪየታ የነገርኳት እኔ ነኝ፤ ሻይ እየጠጣች ነበር።

“የት ሄደች?”

“አይታወቅም። ቸልተንሃም ይላሉ፣ ስዊንደንም ይላሉ።”

ጽዋውን አስቀመጠች። “እንግዲያው መስኮቱ በከንቱ ነው የተለወጠው” አለች። ከዚያ እንደገና አሰበችና፣ “አይ፤ እሷ ጠየቀችኝ፣ እኔ አደረግሁት” አለች። ካባዋን ለብሳ ወደ ጎተራው ሄደች። ምረቃው ላይ አልተገኘችም። በበጋው ሣጥኖቿን ጭና ወደ ለንደን ተመለሰች፤ አሁንም ከጋሪው ኋላ በእግሯ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ ከመንደራችን ያስተማርኳቸውን ልጆች ወሰደ። ካበቃ በኋላ በመላ አገሪቱ ለሞቱት ወጣቶች መስኮት የማያሠራ ቤተ ክርስቲያን አልነበረም። ሄንሪየታ ያን ጊዜ በለንደን ፉለም ሰፈር ውስጥ፣ ባለቀለም መስታወት ሠራተኞች በጋራ ከሚከራዩት ትልቅ ሕንፃ አንዱን ክፍል ይዛ ነበር። ለአንድ ጉዳይ ለንደን ሄጄ ጎበኘኋት። ፀጉሯ ሸብቷል። እጇ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ የእርሳስ ብረቱ መርዝ ነው ብላ አቃለለችው። ብሩሽ ስትይዝ ግን ይቆማል።

ግድግዳው ሁሉ እናቶች በላኳቸው የልጆች ፎቶግራፎች ተሞልቷል። አንዱን ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ አንዱን ቅዱስ ሚካኤል አድርገሽ ሳይልን እያሉ ይጽፉላታል።

“ሁሉንም ታውቂያቸዋለሽ?” አልኳት።

“በስማቸው። ጠዋት ስገባ እንደምን አደራችሁ እላቸዋለሁ። አንዳቸውም ፊቴን መልሺ አላሉኝም።” ይህን ያለችው ቀልዳ ነው፤ እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ።

ስለ ኬዛያ የሰማሁትን ነገርኳት። ስዊንደን ውስጥ የባቡር ሠራተኛ አግብታለች፤ የራሷን የልብስ ማጠቢያ ከፍታለች፤ ታምሲን መምህርት ልትሆን እያጠናች ነው።

“አየሻት?”

“አላየኋትም። በመንደራችን ሲያልፍ ያገኘሁት ወንድሟ ነው የነገረኝ።”

“ሳቋስ? እንደ ድሮው ነው ይላል?”

“አልጠየቅሁትም።”

“ይህን ነበር መጠየቅ” አለች ቀስ ብላ። ተነሥታም ምድጃው ላይ ውሃ ጣደች። ሻይ ለመጠጣት ሁለተኛ ጽዋ ፈልጋ አጣችና የቀለም ማሰሮ አጥባ ለራሷ አደረገች፤ ደህናውን ለእኔ ሰጠችኝ።

“ሄንሪየታ፣ ፎቁ ክፍል ባዶ ነው” አልኳት። “ጎተራውም እንዳለ ነው። ነይና እዚያው ሥሪ። እኔም ብቻዬን ነኝ።”

ጥያቄው ከባድ ሆኖባት ይሁን ቀሎላት አላውቅም፤ ማሰሮውን በሁለት እጇ ይዛ ብዙ አሰበች። “እኔ እኮ ዶርካስ፣ ሰው ሲናፍቀኝ ወደ መንገድ እወጣለሁ፤ ሰው ሳገኝ ደግሞ ሮጬ ወደ ቤቴ እገባለሁ። ለአንቺ አልበጅም።”

“እኔን መች ጠየቅሽ?”

ቀና ብላ አየችኝ። “እውነትሽን ነው” አለች። “እሷም እንዲሁ ብላኝ ነበር። አስብበታለሁ።” ይህን ስትል ግን ዓይኗ ወደ ጠረጴዛው፣ ወደተጀመረው ሰማያዊ ክንፍ ሄዷል። እንደማትመጣ ያኔ ገባኝ። አልመጣችምም፤ ከዚያን ቀን በኋላም አልተያየንም።

ባቡሬ እንዳያመልጠኝ ተነሣሁ። እስከ ውጭው በር ሸኘችኝ። ዝናቡ አባርቶ ከወንዙ በኩል ደመናው ተገልጧል። ተሳሳምን፤ ጉንጯ ቀዝቃዛ ነበር። ጥግ ላይ ደርሼ ዞር ስል አሁንም በሩ ላይ ቆማለች፤ ቀኝ እጇን ወደ ላይ አንሥታለች። የምትሰናበተኝ መስሎኝ እኔም እጄን ከፍ አድርጌ አውለበለብኩ፤ ደጋግሜ አውለበለብኩ። የሷ እጅ ግን አልተንቀሳቀሰም። ግንባሯ ላይ ጥላ አድርጋው፣ ከቤቶቹ ጣሪያ በላይ፣ ብርሃኑ ገና ምን ያህል እንደሚቆይ እያየች ነበር።